ሞተር ሚስ ሲያደርግና ፒስተን ሲመረጥ፦ የሰሜን ሸዋ ባለመኪኖች ደጋግመው የሚጠይቋቸው ጥያቄዎች

የጣርማበርን ዳገት እየተንገታገተ የወጣ መኪና ጋራዥ ሲገባ ቶሎ የሚሰማው ፍርድ «ፒስተን ነው፣ ሞተሩ ይውረድ» የሚል ነው። አንዳንዴ እውነት ነው። ብዙ ጊዜ ግን ጥፋቱ ካንዴላ (እሳት የሚፈነጥቀው)፣ ቦቢና (ለካንዴላው ከፍተኛ ቮልት የሚሰጠው) ወይም ኖዝል (ነዳጅ የሚረጨው) ላይ ሆኖ ይገኛል። ሞተር ማውረድ የአንድን ዶልፊን ወይም አይሱዙ ባለቤት የወራት ገቢ ይበላል። ስለዚህ ሳይለካ መወሰን የለበትም። ከደብረ ብርሃን እስከ ሸዋ ሮቢት፣ ከመንዝ እስከ ጫጫ የሚነዱ ሰዎች ደጋግመው ለሚያነሷቸው ጥያቄዎች መልሱ እነሆ።

ሞተሬ ሚስ እያደረገ መሆኑን በምን አውቃለሁ?

ሚስ ማለት አንዱ ሲሊንደር፣ ማለትም ፒስተኑ የሚመላለስበት ቀዳዳ፣ ነዳጁን በትክክል ሳያቃጥል ሲቀር ነው። መኪናው በሚኒሞ (ቤንዚን ሳይረገጥ) ቆሞ እያለ ንቅጥቅጡ እኩል አይሆንም። መሪውና ወንበሩ ላይ ይሰማል። ማርሚታው (የጭስ ማውጫው ድምፅ ማፈኛ) ጋ ቆማችሁ ስታዳምጡ ድምፁ አንድ ቦታ ላይ እየዘለለ ይቆራረጣል። ዳገት ላይ ጉልበት ያንሳል፣ ነዳጅ ይበላል።

አዳዲስ ቤንዚን መኪኖች ላይ የሞተር መብራቱም ይበራል። መብራቱ በርቶ ከቀረ ቀስ ብላችሁ ጋራዥ መድረስ ትችላላችሁ። ብልጭ ድርግም ካለ ግን ዳር ይዛችሁ አቁሙ። ያልተቃጠለ ቤንዚን ወደ ጭስ ማውጫው እየሄደ ካታሊስቱን (ጭስ ማጣሪያውን) እያቀለጠው ሊሆን ይችላል።

ከየት ልጀምር?

ከርካሹና ከቀላሉ። መጀመሪያ እሳት፣ ቀጥሎ ነዳጅ፣ ቀጥሎ አየር፣ በመጨረሻ የሞተሩ ውስጥ። ይህን ቅደም ተከተል የሚገለብጥ መካኒክ በእናንተ ገንዘብ እየገመተ ነው።

ኮምፒውተር የሚያነብ መኪና ከሆነ ኮዱን አስነብቡ። ፒ0301 ማለት አንደኛው ሲሊንደር፣ ፒ0302 ሁለተኛው እያለ ይቀጥላል። ፒ0300 ከሆነ ደግሞ ሚሱ ከአንድ ሲሊንደር ወደ ሌላው ይዘዋወራል ማለት ነው። ያን ጊዜ ሁሉንም የሚነካ ነገር ፈልጉ፤ የነዳጅ ግፊት፣ የተቀደደ የአየር ቱቦ፣ ወይም በጀሪካን ተገዝቶ ውሃ የገባበት ቤንዚን።

ኮዱ አንድ ሲሊንደር ላይ ከቆመ ሥራው ቀላል ነው። ሦስተኛው ነው እንበል። የሦስተኛውን ቦቢና ከሁለተኛው ጋር አቀያይሩ። ኮዱን አጥፉና ንዱ። ጥፋቱ ወደ ሁለተኛው ከዞረ ቦቢናው ነው። እዚያው ሦስተኛው ላይ ከቀረ ካንዴላውን በተመሳሳይ መንገድ አቀያይሩ፣ ከዚያ ኢንጀክተሩን (ነዳጅ የሚረጨውን)። ይህ ሙከራ ሳንቲም አያስወጣም። ካንዴላ ገመዱን ሞተሩ እየሠራ በባዶ እጅ ነቅሎ መሞከር ግን ተዉት። የሚረጨው ቮልት በሺዎች የሚቆጠር ነው።

ካንዴላው ሲወጣ መልኩን እዩት። ደረቅ ጥቁር ጥላሸት ከሆነ ነዳጅ በዝቷል ወይም እሳት ደክሟል። በዘይት የረጠበ ከሆነ ዘይት ወደ ላይ እየወጣ ነው። ነጭ ሆኖ ጫፉ የተንጨረጨረ ከሆነ ሲሊንደሩ ከመጠን በላይ እየጋለ ነው። ይሄ የመጨረሻው ለፒስተን አደገኛው ምልክት ነው፤ ችላ አትበሉት።

የናፍጣ ሞተር ላይስ? አይሱዙ ነው የምነዳው።

ናፍጣ በእሳት ብልጭታ አይነሳም። ስለዚህ ተጠርጣሪዎቹ ኖዝል፣ ፖምፓ (ነዳጁን የሚገፋው)፣ በነዳጅ መስመሩ የገባ አየር፣ የቫልቭ ክፍተትና ኮምፕሬሽን (ፒስተኑ አየሩን አምቆ የሚፈጥረው ግፊት) ናቸው።

በድሮው ፖምፓ የሚሠሩ ሞተሮች ላይ መካኒኩ በሚኒሞ እያለ የእያንዳንዱን ኖዝል ቱቦ በተራ ያላላል። ሲላላ የሞተሩ ድምፅ ከተለወጠ ያ ሲሊንደር እየሠራ ነበር። ምንም ለውጥ ከሌለ ጥፋተኛው ተገኘ። አዲሶቹ ኮመን ሬይል ሞተሮች (ነዳጁ ከአንድ የጋራ ቱቦ በከፍተኛ ግፊት የሚከፋፈልባቸው) ላይ ግን ይህን በፍጹም አታስደርጉ። በቱቦው ውስጥ ያለው ግፊት ከ1,000 ባር በላይ ይደርሳል፤ ቆዳ በስቶ ይገባል። እነሱ በኮምፒውተር ብቻ ነው የሚታዩት።

ደብረ ብርሃን ጠዋት ላይ ብቻ ይቆራርጣል፣ ሲሞቅ ይስተካከላል። ፒስተን ነው?

ይህን ከኅዳር እስከ ጥር ባለው ውርጭ የማይጠይቅ የለም። አብዛኛውን ጊዜ ፒስተን አይደለም። ናፍጣ ከሆነ የማሞቂያ ካንዴላዎቹን አንድ በአንድ አስፈትሹ። አንዷ ከሞተች የሷ ሲሊንደር እስኪሞቅ ድረስ ነጭ ጭስ እየተፋ ይንቀጠቀጣል። ቤንዚን ከሆነ ባትሪና ካንዴላ እዩ።

ሲሞቅም የማይስተካከል ከሆነ፣ ወይም በየጠዋቱ የራዲያተር ውሃ እየጎደለ ከሆነ፣ ወደ ቴስታታ ጋርኒሲዮን (በሞተሩ ብሎክና በላዩ በሚቀመጠው ቴስታታ መካከል ያለው ማሸጊያ) ሂዱ። ሌሊቱን ወደ ሲሊንደር የሰረገ ውሃ ጠዋት ላይ ያንን ሲሊንደር ሚስ ያስደርገዋል። ጎን ለጎን ያሉ ሁለት ሲሊንደሮች አብረው ሲደክሙም መጀመሪያ የሚጠረጠረው በመሃላቸው የተቃጠለ ጋርኒሲዮን ነው።

ሸዋ ሮቢት ላይ ደህና ነው። ጣርማበርን ወጥቶ ደብረ ብርሃን ሲገባ ጥቁር ጭስ ያጨሳል፣ ይቆራርጣል።

ሸዋ ሮቢት ከባሕር ወለል 1,300 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ደብረ ብርሃን ደግሞ ከ2,800 ሜትር አትርቅም። በመሃላቸው መቶ ኪሎ ሜትር የማይሞላ መንገድ ነው ያለው። ላይ ሲወጣ አየሩ ስለሚሳሳ፣ ቱርቦ (አየር አምቆ የሚያስገባ መሣሪያ) የሌለው ሞተር በአንድ ጊዜ የሚስበው አየር በጣም ይቀንሳል።

ካርቡሬተር (ነዳጅና አየር የሚቀላቅል ዕቃ) ያለው ሞተር ይህን አያውቅም። ቆላ ላይ የተስተካከለው የነዳጅ መጠን ደጋ ላይ ይበዛበታል፤ ካንዴላው ይጠቁራል፣ ሚስ ያደርጋል። ቱርቦ የሌለው ናፍጣም እንደዚሁ ነው። ሽንኩርት ጭኖ ከሸዋ ሮቢት የሚወጣ መኪና ላይ ፖምፓው «ጉልበት እንዲኖረው» ተብሎ ነዳጅ እንዲያበዛ ተደርጎ ከሆነ ደግሞ ነገሩ ይከፋል። ትርፍ ነዳጁ ጭስ ብቻ ሆኖ አይቀርም። ሙቀት ይጨምራል። ዳገት ላይ ለረጅም ጊዜ እንዲህ የተረገጠ ሞተር የፒስተኑ አናት ሊሰነጠቅ ወይም ሊቀልጥ ይችላል። ፖምፓውን ልኩ ላይ አስመልሱ።

ኮምፕሬሽን ተለክቶ «አልቋል» ተባልኩ። ልመን?

የተነበበውን ቁጥር በወረቀት ጠይቁ። የሁሉንም ሲሊንደር። ከዚያ ይህን አስቡ፦ የሞተር ማኑዋል ላይ የተጻፈው ቁጥር በዝቅተኛ ቦታ የሚጠበቅ ነው። ደብረ ብርሃን ላይ ጤነኛ ሞተር እንኳ ከዚያ ሩብ ያህል ቀንሶ ያነባል። ማኑዋሉ 180 ፒኤስአይ የሚለው ሞተር እዚህ ከ130 እስከ 140 አካባቢ ቢያሳይ በሽታ የለበትም። ይህን ሳያስቡ ስንት ጤነኛ ሞተር እንደወረደ ሳስበው በጣም ያንገበግበኛል።

ስለዚህ ደጋ ላይ ከቁጥሩ ከፍታ ይልቅ በሲሊንደሮቹ መካከል ያለው ልዩነት ይናገራል። አራቱም 135 አካባቢ ከሆኑ ሚሱ የመጣው ከሌላ ቦታ ነው። ሦስቱ 135 ሆነው አንዱ 85 ከሆነ ግን ያ ሲሊንደር ታሟል። ብዙ መካኒኮች የሚጠቀሙበት ወሰን ዝቅተኛው ከከፍተኛው 75 በመቶ በታች እንዳይሆን ነው። የአምራቹ ማኑዋል ከዚህ የጠበቀ ሊሆን ስለሚችል እሱ ይቅደም።

ልኬቱ ራሱ በትክክል መደረግ አለበት። ባትሪው ጠንካራ፣ ሞተሩ የሞቀ፣ ካንዴላዎቹ ሁሉ የወጡ፣ ነዳጅና እሳት የተቋረጡ፣ ቤንዚን ፔዳሉ እስከ ታች የተረገጠ። ፔዳሉ ሳይረገጥ የተለካ ሞተር አየር አያገኝምና ሁልጊዜ «ያለቀ» ይመስላል። ለናፍጣ ደግሞ የቤንዚን ጌጅ አይሆንም፤ ግፊቱ ከብዙዎቹ ጌጆች አቅም በላይ ነው።

አንዱ ሲሊንደር ዝቅ ካለ ቀጣዩ ጥያቄ የሚያፈሰው የት ነው የሚለው ነው። ቤንዚን ሞተር ላይ በካንዴላው ቀዳዳ አንድ የሻይ ማንኪያ ዘይት ጨምሮ እንደገና መለካት ይቻላል። ቁጥሩ በግልጽ ከጨመረ ፋሻው (የፒስተኑ ቀለበት) ወይም ሲሊንደሩ ተበልቷል። ካልጨመረ ቫልቭ ወይም ጋርኒሲዮን ነው። ናፍጣ ላይ ዘይት አትጨምሩ። በፒስተኑና በቴስታታው መካከል ያለው ቦታ በጣም ጠባብ ስለሆነ ንባቡን ያሳስታል፣ ሞተሩንም ሊጎዳ ይችላል።

ከዚህ የሚሻለው በአየር መፈተሽ ነው። የጎሚስታው ኮምፕረሰር ይበቃል። የተጠረጠረውን ሲሊንደር ፒስተን ሁለቱም ቫልቮች በተዘጉበት ጊዜ ላይኛው ጫፍ ላይ አድርሱት። መኪናውን ማርሽ ውስጥ አስገቡ፣ የእጅ ፍሬን ሳቡ፤ አየሩ ሞተሩን እንዳያዞረው። ከዚያ በካንዴላው ቀዳዳ አየር ላኩና አዳምጡ። በዘይት መሙያው ሲነፍስ ፋሻ ነው። በማርሚታው ከሆነ የጭስ ቫልቭ፣ በአየር ማስገቢያው ከሆነ የአየር ቫልቭ። ራዲያተሩ ውስጥ አረፋ ከታየ ጋርኒሲዮን ወይም የተሰነጠቀ ቴስታታ ነው። እንዲህ ተፈትሾ ቫልቭ ሆኖ የተገኘ ሞተር ፒስተን አይገዛለትም። ቴስታታው ብቻ ይውረድ።

ሰማያዊ ጭስ ያጨሳል። ይሄስ ፒስተን አይደለም?

ሰማያዊ ጭስ ዘይት እየተቃጠለ ነው። መቼ እንደሚወጣ ልብ በሉ። ከጣርማበር ወደ ደብረ ሲና በማርሽ ይዛችሁ ስትወርዱ ቆይታችሁ፣ ታች ደርሳችሁ ቤንዚን ስትረግጡ ቡፍ ብሎ ወጥቶ ከጠፋ የቫልቭ ጎሚኒ (በቫልቩ በኩል ዘይት እንዳያልፍ የሚያግደው ላስቲክ) ነው። ሞተሩ በቁልቁለቱ ዘይቱን በቫልቮቹ በኩል ሲስብ ነበር። ዳገት ላይ ጭነት ይዞ እያለ ሳያቋርጥ የሚወጣ ከሆነ ግን ፋሻና ሲሊንደር ነው። የጎሚኒ ሥራ ከፒስተን ሥራ ጋር በዋጋ አይገናኝም።

ፒስተኑ ራሱ የሚቀየረው መቼ ነው?

ሞተሩ ከተከፈተ በኋላ በዓይንና በማይክሮሜትር ነው የሚወሰነው። አናቱ የተሰነጠቀ ወይም የቀለጠ፣ በፋሻዎቹ መካከል ያለው ግድግዳ የተሰበረ፣ ጎኑ በጥልቅ የተቧጨረ፣ የፋሻው ቦይ ሰፍቶ አዲስ ፋሻ ሲገባበት የሚወዛወዝ፣ ስፒኖቶው (በፒስተኑ መሃል የሚያልፈው ፒን) የሚንቀጫቀጭ ከሆነ ይጣላል። ጥላሸት መያዝ ብቻውን ምክንያት አይደለም። ያ ይጸዳል።

የተቧጨረ ፒስተን ካያችሁ መንስኤውን ሳታገኙ አዲስ አትግጠሙ። እኛ አገር አንዱ ትልቁ መንስኤ ሙቀት ነው። በደብረ ብርሃን ከፍታ ክፍት ውሃ የሚፈላው 90 ዲግሪ አካባቢ ነው። ሞተሩ በመደበኛው የሚሠራበት ሙቀት ከዚያ ብዙም አይርቅም። ውሃው እንዳይፈላ የሚያደርገው በራዲያተሩ ክዳን የሚያዘው ግፊት ነው። ላስቲኩ ያረጀ ክዳን ይዞ፣ ወይም ክዳኑን አላልቶ ዳገት የሚወጣ መኪና ውሃውን በትንሽ ሙቀት ያፈላል። ከዚያ ፒስተኑ ያብጣል፣ ሲሊንደሩን ይይዛል። በጣም ርካሽ የሆነ ክዳን አራት ፒስተን ሲያስቀይር ማየት ያሳዝናል።

ሌላው አቧራ ነው። በጠጠር መንገድ የሚሠራ መኪና የአየር ፊልትሮው ከተቀደደ ወይም በደንብ ካልገጠመ ፋሻውና ሲሊንደሩ በአጭር ጊዜ ይበላሉ።

ፋሻ ብቻ ብቀይርስ?

ሲሊንደሩ ተለክቶ ልኩ ላይ ከሆነና የፒስተኑ ቦዮች ካልሰፉ ይቻላል። ሲሊንደሩ በሦስት ከፍታ፣ በየከፍታው በሁለት አቅጣጫ ይለካ። ላይኛው ጫፍ ላይ ጥፍር የሚይዝ እርከን ካለ ተበልቷል። ብዙ የቶዮታ ማኑዋሎች መበላቱ ከ0.2 ሚሊሜትር ሲያልፍ ማስፋት ወይም መቀየር ያዝዛሉ። በተበላ ሲሊንደር ላይ አዲስ ፋሻ መግጠም ገንዘብ መድፋት ነው። ጭሱ ብዙም ሳይቆይ ይመለሳል።

ስታንዳርድ ልግዛ ወይስ 0.50?

ሲሊንደሩ ሳይለካ ይህ ጥያቄ መልስ የለውም። ፒስተን በስታንዳርድ መጠን፣ ቀጥሎ በ0.25፣ በ0.50፣ በ0.75 እና በ1.00 ሚሊሜትር ተለቅ ብሎ ይሸጣል። ቁጥሩ ብዙ ጊዜ አናቱ ላይ ታትሟል። ሁሉም ሞተር ሁሉም መጠን የለውም። የድሮው ፒስተን አናት ላይ 0.50 ካለ ሞተሩ ከዚህ በፊት ሰፍቷል ማለት ነውና ስታንዳርድ ገዝታችሁ እንዳትመጡ።

ቅደም ተከተሉ እንዲህ ነው። መጀመሪያ ቶርኖ ቤቱ (ሲሊንደር የሚያሰፋው የማሽን ቤት) ሲሊንደሩን ለክቶ የትኛው መጠን ጭረቱን ሁሉ እንደሚያጠፋ ይናገራል። ከዚያ ያ ፒስተን ገበያ ላይ መኖሩን ታረጋግጣላችሁ፣ ትገዙታላችሁም። ፒስተኑ በእጅ ከገባ በኋላ ብቻ ሲሊንደሩ በፒስተኑ ልክ ይሰፋል። መጀመሪያ አስፍቶ ፒስተን ፍለጋ አዲስ አበባ ሶማሌ ተራ መንከራተት ስንቱን ባለመኪና አስለቅሷል።

ሁለት ልዩ ነገሮች አሉ። ቪትዝና ኮሮላ ላይ የሚገኙት የኤንዜድ ሞተሮች ሲሊንደራቸው ስስ ካሚቻ (የሲሊንደሩ የውስጥ ሽፋን) ስላለው ለማስፋት የተሠሩ አይደሉም። እዚያ ሲሊንደሩ ከተበላ ብሎኩን ወይም ያገለገለ ሞተር መግዛት ነው የሚያዋጣው። ብዙ የጭነት ናፍጣ ሞተሮች ደግሞ የሚወልቅ ካሚቻ አላቸው። ለነሱ ፒስተን፣ ፋሻ፣ ስፒኖቶና ካሚቻ በአንድ ኪት ስለሚሸጥ ማስፋት ላያስፈልግ ይችላል።

ፒስተኑ የኔ መሆኑን እንዴት አረጋግጣለሁ?

የመኪናውን ስም አትጥሩ፣ የሞተሩን ቁጥር አንብቡ። «የዶልፊን ፒስተን» የሚባል ዕቃ የለም። ዶልፊን ላይ የሚገኘው 2ኤል ሞተር 92 ሚሊሜትር፣ 3ኤል 96፣ 5ኤል 99.5 ሚሊሜትር ስፋት አላቸው። ከውጭ ሲያዩዋቸው ወንድማማች ናቸው፤ ፒስተናቸው ግን አይዋዋስም።

ስፋቱ ስለገጠመም ብቻ አይበቃም። 1ኤንዜድና 2ኤንዜድ ሁለቱም 75 ሚሊሜትር ናቸው፤ ፒስተኑ የሚጓዝበት ርቀት ግን አንዱ 84.7፣ ሌላው 73.5 ነው። ስለዚህ የድሮውን ፒስተን ይዛችሁ ሂዱና እነዚህን አመሳክሩ፦ ከስፒኖቶው መሃል እስከ አናቱ ያለው ቁመት፣ የስፒኖቶው ውፍረት፣ የአናቱ ጉድጓድ ቅርጽ፣ የቫልቭ ማሳለፊያዎቹ፣ የፋሻዎቹ ውፍረት። ቁመቱ ቢበልጥ ፒስተኑ ቴስታታ ይመታል። ቁመቱ ካነሰ ደግሞ ኮምፕሬሽኑ ይወርድና ናፍጣው ደብረ ብርሃን ጠዋት አልነሳም ይላል።

የትኛው ብራንድ ነው ጥሩ? ፎርጅድስ ይሻላል?

ማህሌና ኮልበንሽሚት የጀርመን፣ ኒፖንና ሪኬን የጃፓን የታወቁ ስሞች ናቸው፤ ሁለቱ የጃፓኖቹ በተለይ በፋሻ ነው የሚታወቁት። ችግሩ ካርቶኑ መመሳሰሉ ነው። ካርቶን አትግዙ፣ ዕቃውን ክፈቱ። የመፈልፈያው ጠርዝ ንጹህ ይሁን። ማኅተሙ ጥርት ብሎ ይነበብ። አራቱንም በሚዛን አስመዝኑ። ከጥቂት ግራም በላይ ከተለያዩ መልሱ። ለናፍጣ ፒስተን አንድ ጥሩ ፍተሻ አለ። በብዙዎቹ ላይ የመጀመሪያው ፋሻ ቦይ ዙሪያውን በተለየ፣ ጠቆር ባለ የብረት ቀለበት የተጠናከረ ነው። የድሮው ላይ ኖሮ አዲሱ ላይ ከሌለ ያ ቦይ ቶሎ ይሰፋል።

ፎርጅድ (በግፊት ተቀጥቅጦ የተሠራ ፒስተን) ለውድድርና ለከባድ ቱርቦ ነው። ሲሞቅ ይበልጥ ስለሚያብጥ በሰፊ ክፍተት ይገጠማል። ደብረ ብርሃን ጠዋት ላይ እስኪሞቅ ይንኳኳል። ለታክሲና ለጭነት መኪና በደንብ የተሠራ ቀልጦ የተቀረጸ ፒስተን ይበቃል፤ እኔም የምመርጠው እሱን ነው።

አንዱን ብቻ መቀየር ይቻላል?

ሲሊንደሮቹ ጤነኛ ከሆኑ፣ መጠኑና ክብደቱ ከቀሩት ጋር ከተስተካከለ፣ አዎ። አንዱ ሲሊንደር ከሰፋ ግን ሁሉም ይሰፋሉ።

ቶርኖ ቤትና መካኒኩ ጋ ምን ልከታተል?

እያንዳንዱ ሲሊንደር ለእያንዳንዱ ፒስተን ተለክቶ ክፍተቱ በወረቀት ይጻፍላችሁ። ፒስተኑ የሚለካው ከስፒኖቶው መስመር በ90 ዲግሪ ባለው አቅጣጫ፣ ጎኑ ላይ ነው። ካሚቻው ክሮም የተለበጠ ከሆነ ክሮም ፋሻ አይገባበትም፤ ሁለቱ ይበላላሉ።

ሲሊንደሩ በመሞረጃ ድንጋይ ከተሞረደ በኋላ በሙቅ ውሃና በሳሙና ይታጠብ። በቤንዚን መጥረግ የድንጋዩን ብናኝ እዚያው ይተወዋል፤ ያ ብናኝ አዲሱን ፋሻ ይፈጨዋል። ነጭ ጨርቅ ሲያልፍበት ንጹህ ሆኖ መውጣት አለበት። ወዲያው ዘይት ይቀባ።

ፋሻው ፒስተኑ ላይ ከመግባቱ በፊት ሲሊንደሩ ውስጥ ተገፍቶ የጫፎቹ ክፍተት ይለካ። ማኑዋል ከሌለ ለ75 ሚሊሜትር ሲሊንደር ከ0.25 እስከ 0.30 ሚሊሜትር አካባቢ እንደ መነሻ ይያዛል። ክፍተቱ ከጠበበ ሲሞቅ ጫፎቹ ተገናኝተው ፒስተኑን ይሰብራሉ። የፋሻው ምልክት ወደ ላይ፣ የፒስተኑ ቀስት ወደ ሞተሩ ፊት። ናፍጣ ከሆነ ፒስተኑ ከብሎኩ ምን ያህል እንደሚወጣ ተለክቶ ጋርኒሲዮኑ በዚያ ልክ ይመረጥ።

ከተገጠመ በኋላ እንዴት ልንዳው?

ፋሻና ሲሊንደር የሚግባቡት በመጀመሪያዎቹ መቶ ኪሎ ሜትሮች ነው። በሚኒሞ አቁሞ ማቆየት አይጠቅምም፤ ፋሻው ግድግዳውን የሚጫነው የተወሰነ ሸክም ሲኖር ነው። ባዶውን ወደ ጫጫና ሸኖ አቅጣጫ ውጡ። ፍጥነቱን ከፍ ዝቅ አድርጉ፤ ረገጥ አድርጋችሁ ልቀቁ። ሙሉ ጭነት ይዞ ጣርማበርን መውጣት ይቆይ።

ዘይቱን ከ500 እስከ 1,000 ኪሎ ሜትር ባለው ውስጥ ከነፊልትሮው ቀይሩ። በየቀኑ ጠዋት ሞተሩ ሳይነሳ ዘይትና ውሃ እዩ። መጀመሪያ ላይ ትንሽ ዘይት ቢቀንስ አትደንግጡ። ዘይቱ ከተቀየረ በኋላም እየቀነሰ ከቀጠለ፣ ያ በወረቀት ያስጻፋችሁት ልክ በእጃችሁ አለና ይዛችሁት ወደ ሠራው ሰው ተመለሱ።